የኦርሶላ ሳንቃ

ትሪየስቴ ላይ ቦራ የሚሉት ነፋስ ይጮኻል፤
ባሕሩን ገፍቶ መጥቶ የጣሪያ ቆርቆሮ ያንኳኳል።
የልጄ ልጅ ኦርሶላ፣ ነገ አራት ዓመቷ፤
ምን ልስጣት ብዬ ስጠይቅ መለሰች እናቷ፦
«የሚጮህ አይሁን፤ ባትሪም አይብላ፤
እጇ የሚሠራበት ይሁን፤ አልፈልግም ሌላ።»

መደብር ገባሁ። መደርደሪያው ሁሉ ያብረቀርቃል፤
አንዱን ስነካው ራሱ ይስቃል፣
ራሱ ይዘፍናል፣ ራሱ ይቆጥራል፣
ራሱ «ጎበዝ!» ይላል፣ ራሱም ያጨበጭባል።
ለልጅቷ ምን ተረፋት? ቆሞ ማየት፤
ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ እንዳልተጠራ ጎረቤት።
«እስከ ስንት ዩሮ ይሁን?» አለችኝ ሻጯ፤
ዓይኔ ሄዶ ነበር ወደ ሱቋ መውጫ።

እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመት
የሰው በር ከፈትኩ፣ ሌሊት በዝናም፣ ቀን በበረዶ ክረምት።
ቁልፉን የዋጠ ልጅ፣ ቁልፉን የጣለ ሰካራም፣
በሩ ከኋላዋ ተዘግቶ በሌሊት ልብሷ የቆመች ማዳም፣
ሁሉም የሚሉኝ አንድ ቃል ነበር፦ «ቶሎ በል!»
ጣቴም ተማረ፣ ቶሎ መንቀል፣ ቶሎ መፈንቀል።

ምድር ቤት ወርጄ አሮጌ ሣጥን ከፈትኩ፤
ከዝገት መሀል የዕድሜዬን ቁርጥራጭ መረጥኩ፦
የባቡር ጣቢያ መቀርቀሪያ፣ ናስ፣ እጅ የላሰው፤
የመርከብ ጓዳ ማንጠልጠያ፣ ጨው የጎረሰው፤
የበር ሰንሰለት፣ ከመበለቷ ከዝዴንካ ቤት
(ሌባ ስትፈራ ኖራ ሞት ነው የገባባት)፤
ትንሽ ጓጉንቸር፣ ከነቁልፏ፣ ከገዛ ሱቄ፣
ሱቁን ከዘጋሁ ወዲህ ያቆየኋት ደብቄ።

የጥድ ሳንቃ ላግኩ፤ ጠርዙን አለዘብኩ በብርጭቆ ወረቀት፣
የሕፃን ጉንጭ እስኪመስል፣ ስንጥር እንዳይቀር ለምልክት።
ቀለም አልቀባሁም። ብረቱ ይቀዝቅዝ፤ እንጨቱ እንጨት ይሽተት፤
የልጅ እጅ ከመጀመሪያው ለምን ይልመድ ውሸት?
ይሁን፤ ከልጅ ልጫወት፣ ብትወጋኝም በእንጨት።

የሞንቴሶሪዋ መምህርት ፍራውዚን፣ ስለ ሥጦታው ስጠይቃት፣
«የፈለግኸውን ስጥ» አለች፤ «ካልጠራችህ ግን አትርዳት።»

በማግስቱ መጣች፣ አፍንጫዋ ቀልቶ በነፋስ፤
ቁጭ አለች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ዝም፣ ኮስተር እንዳለ ቄስ።
መቀርቀሪያው ጧ! ማንጠልጠያው ቀጭ!
ሰንሰለቱ ጫፉን አገኘ፤ ሾልኮ ወርዶ ቁጭ።

ጓጉንቸሯ ግን እምቢ አለች።
ቁልፉን ገልብጣ ከተተች፤
አወጣች፤ አየችው፤ ላሰችው፤ ደግሞ ከተተች፣ ገልብጣ።
የኔ ጣት፣ ያ ችኩል ጣት፣ ከጉልበቴ ተነሣ፣ ሊመጣ።
አርባ አንድ ዓመት «ቶሎ በል!» የሰማ ጣት፣
ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀረው ሊያዞርላት።
ልጄ ኒቬስ ከበሩ አየችኝ፤ ምንም አላለች፤
ቅንድቧን ብቻ፣ እንደ ሟች እናቷ፣ ከፍ አደረገች።
እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩበት።
አዎ፣ ተቀመጥኩበት፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ በዚህ ሽበት።

ደቂቃው ረዘመ። ቦራ መስኮቱን ነቀነቀ።
ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ማንም ማንንም አልጠየቀ።
ለካ መጠበቅም ሙያ ነው፤ ማንም አላስተማረኝ፤
የተዘጋ በር ፊት ቆሞ አለመክፈት፣ ይህ ነው የቸገረኝ።

ከዚያ ቁልፉ ዞረ።
ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሱቄን ስከፍት ጠዋት ጠዋት የነበረ።
ጓጉንቸሯ አፏን ከፈተች፤ ኦርሶላም አብራ
አፏን ከፍታ ቀረች፣ እጆቿን እያየች በተራ በተራ።

«ጎበዝ» ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤
መጫወቻ ሁሉ የሚለው ቃል ነው፣ በብዛቱ የረከሰ።
እሷም አልጠበቀችኝ። መልሳ ዘጋች፤
ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች።
ዘጋች።

ማታ ሲሄዱ ሳንቃው ከበዳት፤ ጥላው ወረደች፤
ቁልፏን ግን በጨበጠ መዳፏ ይዛ ሄደች።
ጓጉንቸሯ ተዘግታ ቀርታለች እኔ ዘንድ።
ልከፍታት እችላለሁ፣ በቀጭን ሽቦ፣ በሁለት ሴኮንድ።

አልከፍትም።
እሑድ ትመጣለች።